ገመዱ የታሰረ ጊዜ

እኔ በሠራሁበት ማረሚያ ቤት ሰው ታስሯል፣ ግመል ታስሯል፣ ገመድም ታስሯል። ስለ ግመሉ ስናገር የሚያምነኝ ይገኛል፤ ስለ ገመዱ ስናገር ግን ሰው ሁሉ ወሬ የምጨምር ይመስለዋል። አልጨምርም። የንብረትና የቀለብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ገመዱን ስንረከብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ነጌሌ ነው። አባቴ ከጎንደር በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ሥራ የያዝኩት ግን ከነጌሌ ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ ስሟን ባልጠራት ይሻላል። ማረሚያ ቤታችን ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ሰፊ የእጅ ጉድጓድና በዙሪያው የቃጫ ተክል አጥር ነበረው። ግንብ የሚያሠራ በጀት ተጠይቆ መልስ ሳይመጣ ስንት ኃላፊ ተቀያይሯል። ቃጫው ግን ጫፉ እንደ ወስፌ ስለሆነ እስረኛው ከጠባቂዎቹ ይልቅ የሚፈራው እሱን ነበር።

ሙያ የምናስተምረውም በዚያው አጥር ነው። እስረኛው ቅጠሉን ይቆርጣል፣ ይፍቃል፣ ያደርቃል፣ ይገምዳል። ከሁሉም የሚበልጠው አንድ የሊበን ሰው ነበር። ገበያ መሀል በከብት ጉዳይ ተጣልቶ ሰው በዱላ መትቶ ነው የገባው። ሲገባ እጁ ከዱላ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ግን የአይሱዙ ሾፌሮች የእሱ ገመድ ካልሆነ ብለው የሚጣሉበት ሰው ሆኗል። የጉድጓዳችንን ገመድ የሠራውም እሱ ነው። ወፍራም ነበር፤ መሀሉ ላይ አንድ ሰማያዊ ክር ገብቶበታል። ክሩን ከየት አመጣኸው ስለው፣ "ከሚስቴ ሻሽ" አለኝ።

ሚስቱ የሞያሌ ልጅ ናት። እሱ በታሰረበት ጊዜ ሁሉ ወተት ይዛ ስትመላለስ ኖራለች። የተፈታ ዕለት በሩ ላይ ጠበቀችው፤ ይተቃቀፋሉ ብዬ ስጠብቅ ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀሰረች። "አንድ ጊዜ ጠበቅሁህ። ሁለተኛ ከገባህ ግን ልጆቼን ይዤ ሞያሌ እናቴ ጋ እገባለሁ። ያኔ አለቀ፤ ትፈታኛለህ፣ እፈታሃለሁ" አለችው። እሱም በልጆቹ ማለላት። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ የገመድ መደብ ከፈተና እኔ የፈረምኩለትን የሙያ ምስክር ወረቀት መስታወት አስገብቶ ሰቀለው።

እንዲህ በሰላም ተቀምጠን ሳለን ነው አዳራሽ ተጠርተን አዲስ መመሪያ የተነበበልን። ያነበበው እንግዳ ቸኩሎ ነበር፤ ምሳ እንኳ ሳይበላ ነው የሄደው፤ ይህ ራሱ በእኛ አገር ያልተለመደ ነገር ነው። ካነበበው የገባን፣ በድንበር በኩል የሚገባ ሄምፕ የሚባል አደገኛ ነገር እንዳለ፣ እሱንና የእሱን ውጤቶች የሠራ፣ የሸጠ፣ የያዘ፣ ያጓጓዘ ሁሉ ከእንግዲህ በጠና እንደሚቀጣ ነው። የእንግዳው መኪና አቧራ ሳይበርድ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ለመሆኑ ሄምፕ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

ዓቃቤ ሕጋችን ገና ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ቅን ልጅ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር። ከቦርሳው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ፣ ምራቁን ጣቱ ላይ አደረገ፣ ገለጠ። "ሄምፕ፤ ቃጫ" ብሎ አነበበ።



"ልጄ፣ ፉኞ ማለትህ ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ፉኞ ምንድን ነው?"

"ገመድ ነዋ።"

"ገመድ የቃጫ ውጤት ነው። አዎ፣ ይመለከተዋል።"

"ታዲያ ከብቱን በምን እንሰረው?"

"መመሪያው ስለ ከብት የሚለው ነገር የለም፣ አባቴ" አላቸው በትሕትና።

እኔ ብድግ አልኩ። የማረሚያ ቤታችን አጥር ቃጫ ነው፣ አጥሩንም ታስረዋለህ ወይ አልኩት። መሳለቄ ነበር። እሱ ግን አጎንብሶ ማስታወሻ ያዘና "እሱ በጥናት ይታያል" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄን ልጅ ባየሁት ቁጥር ራሴን ያመኝ ነበር።

መጀመሪያ የታሰረው የሊበኑ ሰው ነው። ሌላው ነጋዴ ሻጭ ብቻ ሲሆን፣ እሱ ቃጫ መሥራቱን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ተገኘ። ፖሊሶቹ የካቴናው ቁልፍ ስለጠፋባቸው እጁን የፊጥኝ ያሰሩት በራሱ ገመድ ነው። "ፍቱለትና ይግባ" ብላቸው፣ "ገመዱ ኤግዚቢት ነው እትዬ፣ ያለ ዓቃቤ ሕጉ ፈቃድ አንፈታውም" አሉኝ። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ያቀበልኩት በጥርሱ ነው።

በኋላ ሲፈታለት ወደ መስኮቴ መጣ። "እትዬ፣ የተማርኩት እዚህ አይደለም እንዴ? አንቱ አይደሉ የፈረሙልኝ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?"

"እኔ ምኑን አውቄ!" ብዬ ጮህኩበት። በእሱ አልነበረም የተናደድኩት፤ ግን ከፊቴ የነበረው እሱ ነው።

"ሚስቴ ሰማች?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል አልኩት። ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ጣለና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ምሳ ሲመጣ አልበላም።

ከእሱ በኋላ መግባት እንጂ መውጣት ቀረ። ሱቁ ከቤቴ ፊት ለፊት የሆነው የጉራጌ ነጋዴ ከነጆንያዎቹ መጣ፤ "እቴ፣ ጆንያውን እሰሩት፣ ስኳሬን ግን ልቀቁልኝ" እያለ ይለምናል። የጭነት ረዳቶች መጡ። ኖራ ቀቢ ከነቃጫ ብሩሹ መጣ። አንድ የግመል ጎታች ከነግመሉ መጣ፤ ከግመሉ ጋር ጉዳይ አልነበረንም፣ ነገር ግን ማሠሪያውን በኤግዚቢትነት ስንወስድበት መሄድ የጀመረ እንስሳ ማን ያቆመዋል? ግቢ አስገባነው። ግመሉም አጥራችንን መብላት ጀመረ። ዓቃቤ ሕጉ ማስረጃ እያጠፋ ነው አለ፤ የማረሚያ ቤቱ አዛዥ ኮማንደራችን ደግሞ ምን ማስረጃ፣ አጥሬን ነው እያጠፋ ያለው ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ሲከራከሩ ግመሉ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተ።

ሰው ስለ ሕግ ሲያወራ ቅጣቱን ያወራል እንጂ የታሰረውን ሰው ማን ያበላዋል፣ የት ይተኛል አይልም። ያን የሚለው የቀለብ ክፍል ነው። ቀለባችን የተመደበው ለቀድሞው ሰው ልክ ነበር። ኮማንደሩ ጭማሪ ቢጠይቅ፣ ባላችሁ ተብቃቁ የሚል መልስ መጣ። እስረኛው በፈረቃ ይተኛ ጀመር፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሞቀ ቦታ ላይ ይጋደማል። ዱቄት አቅራቢያችንም በጆንያ ማምጣት ፈርቶ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያመጣ ነበር። በዚያ ነፋስ ግማሹ በር ላይ ሲደርስ የለም፤ አቅራቢው ራሱ ነጭ ሆኖ ይገባል።

የከተማው ገመድ ሁሉ ደግሞ እኔ መጋዘን ተከማቸ። ፖሊስ ጣቢያው ሞላብን አለ። የቀለቡን ሽንኩርትና ምስር በረንዳ ላይ አውጥቼ ገመዱን አስገባሁ፤ ኤግዚቢት ስለሆነም ጥበቃ ተመደበለት። ጠባቂዎቻችን ለሰዉም አይበቁም ነበር፤ አሁን ግማሾቹ ገመድ ይጠብቃሉ። በአጥሩ ቀዳዳ እስረኛ እንዳይወጣ የሚጠብቅ ሰው ሲታጣ እስረኞቹ ተራ ገብተው እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ነበር። አንድም ሰው አልወጣም። የት ይሄዳል? ውጪ ያለው ሁሉ ነገ መግባቱ አይቀርም።

በመጨረሻ ዓቃቤ ሕጉ የጉድጓዱን ገመድ አየው።

"ይሄ አይነካም" አልኩት። "ይሄ የዚህ ሁሉ ሰው ውሃ ነው።"

"አዝናለሁ እትዬ። ነጋዴውን አስሬ የመንግሥቱን ገመድ ብተወው አድልዎ ይሆናል" አለኝ፤ እውነትም አዝኖ ነበር። ገመዱ ከነሰማያዊ ክሩ ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ፤ ፈርሜ ተረከብኩ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ አልነበረም። የጀሪካኑ ሲያልቅ እስረኛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ ውሃው ይታያል፣ ባልዲው አለ፣ መሀል ላይ የነበረው ነገር ነው የታሰረው።

ከእስረኞቹ መሀል ያሉት ቦረናዎች ግን መላ ለማግኘት ብዙ አልቆዩም። በአገራቸው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆሞ እያዜመ ነው ባልዲ የሚቀባበለው። የእኛም ጉድጓድ ሰፊ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የእግር መቆሚያ ቆፍረው ወረዱ። ታችኛው የሊበኑ ሰው ነበር፤ ከእሱ በላይ የግመል ጎታቹ፣ ኖራ ቀቢው፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ የጉራጌው ነጋዴ ላቡ ጠብ እያለ። ዜማው ከብት የሚያወድስ ነው። ከብት ስላልነበረን ኮማንደሩን አወደሱት፤ ሻኛውንም ቀንዱንም አመሰገኑለት። ቢሮው ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ምን እንደሚሉት የነገረው አልነበረም፣ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

የሊበኑ ሰው አያዜምም። ማለዳ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት በመስኮቴ በኩል ያልፋል። "እትዬ፣ አካም። አይሱዙ ተጭኗል?"

"ናጋ። አልተጫነም።"

የሚጠይቀው ስለ ሚስቱ ነው። እሱ በገባ በማግስቱ ቤቷን ጠቅልላ በረንዳ ላይ አውጥታዋለች። በግመሉ ቀዳዳ በኩል መጥታ ለእኔ ነግራኛለች፤ እሱን ላየው አልፈልግም አለች። "ንገሩልኝ እትዬ። መኪና ያገኘሁ ቀን እሄዳለሁ።"

"ታዲያ ለምን እስካሁን አልሄድሽም?"

"የሚጭን የለም። ሾፌሩ ያለ ገመድ ብጭንሽ ፍራሽሽ ሞያሌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል አለኝ።"

መልእክቱን ለሰውዬው ሳደርስ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሕጉ ከቆመ እሱ አይወጣም፤ ሕጉ ከወደቀ እሷ ትሄዳለች። "እትዬ፣ ምን ብዬ ልጸልይ?" አለኝ።  አንጀቴን በላው።

ተስፋችን ሁሉ ምርመራው ላይ ሆነ። አንድ ፖሊስ ቁራጭ ገመድ ይዞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው በሩ ላይ ካለችው ግራር ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ደወለ በተባለ ጊዜ ዓቃቤ ሕጉም እኔም ከጉድጓድ የወጡት እስረኞችም እዚያች ግራር ሥር ተሰበሰብን። ዓቃቤ ሕጉ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"ውጤቱስ?"

"አረጋግጠዋል ጌታዬ! መቶ በመቶ ቃጫ ነው ብለዋል!"

"ይኸው!" አለ ዓቃቤ ሕጉ። "አላልኳችሁም?"

የሊበኑ ሰው እጁ ላይ ያለውን ባልዲ መሬት አስቀመጠ። ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ማንም አልጠጣውም። እኔ ዓቃቤ ሕጉን እዚያው ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ የሚመጥን ስድብ ግን አጣሁ።

ነገሩን ያበላሸው፣ ወይም ያዳነው፣ አሸዋ ነው። ተዘዋዋሪው ችሎት ወደ እኛ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በዚያ ሰሞን ዳኛው ሲመጡ መኪናቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ገባች። ሰው ተሰበሰበ፣ በሬ ተገኘ፣ ጉልበት ተገኘ፣ መጎተቻ ግን የለም። ዳኛው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በእግራቸው እኛ ግቢ ደረሱ። ውሃ ሲጠይቁ ጉድጓዱን አሳየናቸው። አጎንብሰው የተደራረበውን ሰው አዩ።

"ገመድ የላችሁም?"

"አለን ጌታዬ" አልኩ።

"የት አለ?"

"ታስሯል።"

"ምን ላይ?"

"ምንም ላይ አይደለም። ታስሯል፤ ክስ አለበት።"

 ከዚያ ዓቃቤ ሕጉ ከነመዝገበ ቃላቱ ቀረበና በሥርዓት አስረዳ፤ የምርመራውንም ውጤት ጨመረ። ዳኛው አልተቆጡም። ጫማቸውን አደረጉ፣ የዓቃቤ ሕጉን ስልክ ተቀብለው ግራሯ ሥር ሄዱና ምርመራውን የሠራውን ባለሙያ ፈልገው አነጋገሩ።

"ቃጫ መሆኑን ተወው፣ ገባኝ። የተከለከለው አደንዛዥ ተክል ነው፤ ይሄ ያደነዝዛል ወይ?"

"ምኑ?"

"ገመዱ።"

 "ይቅርታ፣ ከማን ጋር ነው የማወራው?" አለ ባለሙያው።

ዳኛው ስልኩን ዘጉ። "ፍቱ" አሉ።

"ማንን ጌታዬ?" አለ ኮማንደሩ።

"ሁሉንም።"

"ገመዱንም?"

"ገመዱን መጀመሪያ! መኪናዬን አውጡልኝ!"

ስለዚህ ሰው ሳይወጣ ገመድ ወጣ። ለሰው የመፍቻ ወረቀት መጻፍና መፈረም አለበት፤ ለገመድ ግን ትእዛዙ ብቻ በቃ። መጋዘኔ ሲከፈት ከተማው ሁሉ ገባና ያገኘውን እያነሣ ሄደ። ከመናኸሪያው የአይሱዙ ጥሩምባ መሰማት ጀመረ። የሊበኑ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ጥሩምባው በተሰማ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ወረቀቱን ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩለት፤ ጠባቂውም በሩን ከፍቶ ለሁሉም የምንለውን አለው፤ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!"

የዚያን ጊዜ ነው የጉድጓዱ ገመድ እንደሌለ ያየሁት። ከሌላው ጋር ተወስዷል። "እኔ ባየው አውቀዋለሁ እትዬ" አለኝ፤ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አብረን ወደ መናኸሪያ ሮጥን። ሁለታችንም ገመድ ፍለጋ ነው የምንሮጠው ብለናል።

አይሱዙው ሞተሩ ተነሥቷል። ላዩ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ አንዲት የምትጮህ ፍየል፣ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ጎን እሷ። ያን ሁሉ ዕቃ ጠፍሮ የያዘው ገመድ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ክር ነበረው።

ሰውዬው መኪናው ሥር ቆመ።  ገመዱን ያያል፤ እሷን እንኳ አላየም። እኔ ግን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ "ያ ገመድ የመንግሥት ነው! ፍቱልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ስለ መንግሥት አልነበረም። ገመዱ ከተፈታ ዕቃው ይወርዳል፣ ዕቃው ከወረደ ዛሬ አትሄድም፤ ያሰብኩት ይሄን ብቻ ነው።

ረዳቱ ቋጠሮው ላይ እጁን አደረገና ወደ ላይ አየ። "እናቴ፣ ይፈታ?"

እሷ ወደ ታች አየች። መጀመሪያ ገመዱን፣ ከዚያ ክሩን፣ ከዚያ ባሏን። እጇን አውጥታ ገመዱን ጨበጠችው።

"ሂን ሂኩ" አለች። ከዚያ ለእኔም እንዲገባኝ በአማርኛ ደገመችው፤ "አልፈታም።"

"ገመዱን ነው?" አለ ረዳቱ።

 እሷ ባሏ ላይ አፈጠጠች። በዚያ ሁሉ ጊዜ በራችን ላይ ቆማ ስትጠብቅ የሰማችውን ቃል፣ በጠባቂያችን ድምፅ ሳይቀር አወረደችበት፤ "ምን ይገትርሃል? ዕቃህን ይዘህ ውጣ!"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ወረወረ። እሱም የመንግሥት ነበር፤ ዝም አልኩ። ጎማው ላይ ረገጠ፣ የራሱን ገመድ ያዘ፣ ወጣ። ልጆቹ ቦታ ለቀቁለት።

ግቢ ስመለስ ሌሎቹ የቀድሞ እስረኞቻችን ገመዱ ስላልተመለሰ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ እያዜሙ ባልዲ ይቀባበላሉ። ኮማንደሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ገመዱስ?" አለኝ።

"አልፈታም አለች" አልኩት፤ መጋዘኔ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።